የበሬው ምራቅ

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ሰው ደብዳቤ ጻፉልኝ። ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ የአንድ ቤተሰብ ኢንዛይሞች በየትኛው የበቀለ እህልና በየትኛው እንስሳ ምራቅ እንደሚገኙ ፈትነህ፣ መዝግበህ ላክልኝ ይላል። ሥራው ደስ ካሰኛቸው የቤተ ሙከራ ረዳት አድርገው አዲስ አበባ ሊያስጠሩኝ ነው። እኔም ያንን ቦታ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ተመኘሁት።

መሣሪያዬ ከክሊኒክ የለመንኩት አዮዲንና የጉና ድንች ነበር። ድንቹን ፈግፍጌ ስታርች ያለበትን ውሃ አዘጋጃለሁ፤ የምፈትነውን ጠብ አድርጌበት ጥቂት ቆይቼ አዮዲን እጨምራለሁ። ከጠቆረ ስታርቹ አልተነካም፤ ካልጠቆረ ኢንዛይሙ በልቶታል ማለት ነው። የገብስ ብቅል ቶሎ በላው። ከይፋግ ያስመጣሁት ማሽላ ዘገየ። የራሴ ምራቅ ማሽላውን ቀደመና ኮራሁ፤ ምኑ እንደሚያኮራ እንጃ። የጎረቤት አህያ ጣቴን ስለነከሰችኝ በመዝገቤ ላይ የእሷ ቦታ ባዶውን ቀረ።

መጨረሻ ላይ የአከራዬ በሬ ቀረኝ። አከራዬ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የበሬውን ልጋግ በብርጭቆ ተቀብዬ ፈተንኩት። አልጠቆረም። የሚያመሰኩ እንስሳት ምራቅ ይህ ኢንዛይም የለውም ተብዬ ነበር የተማርኩት፤ አስተማሪዎቼን ሁሉ የረታሁ መሰለኝ። ውጤቱን ጽፌ ፖስታውን ወዲያው አሸግሁት።

«እማማ፣ የበሬዎ ስም አዲስ አበባ ሊገባ ነው» አልኳቸው።

«ምን ሠርቶ?»

ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

«አተላውን ጠጥቶ ሳይጨርስ እኮ ነው ብርጭቆህን የደገንክበት።»

አተላው የጠላ ዝቃጭ ነው፤ ጠላው ደግሞ ብቅል አለበት። ለካ የፈተንኩት የገብሱን ኢንዛይም ኖሯል። በየቀኑ ጠላቸውን የምጠጣ ሰው ይህን አለማሰቤ አበገነኝ። በማግስቱ ጠዋት፣ በሬው ምንም ሳይቀምስ፣ አፉን አጥቤ ደግሜ ሞከርኩ። ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ። ቀኑን ሙሉ ሴትዮዋን ተቀየምኳቸው። ፖስታው ታሽጓል፤ አዲስ አበባ ሆኖ የደብረ ታቦርን በሬ የሚፈትን የለም። ደግሞም ያለዚያ ግኝት ማን ያስጠራኛል? ቢሆንም አላስቻለኝም፤ ቀደድኩት። «በሬ፦ የለውም» ብዬ ጻፍኩና ከስሩ የአተላውን ነገር፣ መሳሳቴንም ሳልደብቅ፣ ዘርዝሬ ላክሁ።

መልሱ ሲመጣ ለእማማ አነበብኩላቸው። «ሌላውን ማንም ይሠራዋል፤ ስለ አተላው የጻፍከውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቦታው ያንተ ነው፣ ና» ይላል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

እማማ የጠላ ጋናቸውን በወይራ ጭስ እያጠኑ ነበር።

«እንግዲህ በገዛ አፌ ነዋ ያስወሰድኩህ» አሉና ማጠናቸውን ቀጠሉ።