ላኪ ያጡ ሽማግሌዎች

ትናንት ከሆሎዌይ ወደ ቶተንሃም ስሄድ፣ የአውቶቡሱ ፎቅ ላይ፣ ከፊተኛው ወንበር አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጋር አጠገቤ ተቀመጠች። ከመስታወቱ ሥር ያለውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ አውቶቡሱን ትነዳለች። መታጠፊያ ሲደርስ ከነትከሻዋ ትዞራለች፣ ሲቆም ፍሬን ትረግጣለች። ዝናቡ መስታወቱን ያጥበዋል፣ የእናቷ ካፖርት የረጠበ ሱፍ ይሸታል። በወጣትነቴ የማውቀውን አንድ ሰው አስታወሰችኝ።

ፈላስፋው እያልን የምንቀልድበት ወጣት ነበር። ቀን ባተርሲ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባል፣ ማታ ፍልስፍና ይማራል። በዚያ ሰሞን ድሮ የሞተ አንድ ጀርመናዊ ልቡን ወስዶት ነበር። የምናየው ዓለም አእምሯችን የሚስለው ሥዕል ነው ይላል ጀርመናዊው፤ ከሥዕሉ ጀርባ ግን ዐይን የሌለው፣ ጠግቦ የማያውቅ አንድ ፍላጎት አለ፤ ዛፉንም ሰውንም የሚገፋው እሱ ነው። አልገባ አለኝ ስለው አውቶቡስ ላይ ልክ እንደዚህች ልጅ ብረቱን ይዞ መሪ ያዞርልኝ ነበር።

«ሾፌሩ ታች ነው፣ አይታየንም። እኛ እዚህ ሆነን እናዞራለን» ይለኝ ነበር።

ሰው ዞር ብሎ ያየናል፣ እኔ እስቃለሁ። እወደው ነበር።

የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነበር፤ እሷ ደግሞ ፍልስፍና አታውቅም። በአውቶቡስ ስንዞር መክረማችንን ሰምታ፣ «የካውንስል የኪራይ ቤት እንኳ አፕላይ ተደርጎ ነው የሚገኘው፤ ከፈለገሽ ሽማግሌ ይላክ» አለች። እሱም እሺ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች ለመነ። ትልቁ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከእኛ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩ።

በቀጠሮው ቅዳሜ የአክስቴ ዶሮ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን አወደው። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ተቀምጬ የበሩን ደወል እጠብቃለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ ኮቴው ግን ወደ ጎረቤት ያልፋል። ሲመሽ አክስቴ ድስቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው።

የሆነውን ኋላ ትልቁ ሽማግሌ ነገሩኝ። እሱ ሊሸኛቸው ወጥቶ አብረው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ለወጉ ያህል፣ መቼም አስበህበታል፣ ልጅቷን ትፈልጋታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ሌላው ሙሽራ አዎ ብሎ ይገላገላል። እሱ ግን ፍላጎቱ እንዳለ፣ የራሱ መሆኑን ግን እንደማያውቅ፣ ምናልባትም እየተገፋ እንደሆነ፣ እኔ ራሴም አእምሮው የሳለኝ ልሆን እንደምችል በዝናቡ ውስጥ ቆሞ አብራራላቸው። በትዕግሥት አዳመጡት። ሁለት አውቶቡስ አለፋቸው።

«ልጄ፣ እኛ የምንሄደው ሰው ሲልከን ነው» አሉት። «ላኪው አንተ ካልሆንክ፣ በር ላይ ቆመን ማን ላከን እንበል?»

ሽማግሌዎቹም መንገዱን ተሻግረው በመጡበት ተመለሱ።

በሳምንቱ ብቻውን መጣ። ከስቷል። «ዋሽቼ ልውሰድሽ እንዴ?» አለኝ። ማን እንደገፋህ እኔ አልጠየቅኩም፣ እንድትመጣ ብቻ ነበር የፈለግኩት አልኩት። ኮቱን ቆልፎ ሄደ። ኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ሚስት አገባ ሲባል ሰማሁ። ጀርመናዊው ምን እንዳለው እንጃ። እኔም በጊዜዬ አገባሁ፤ ሽማግሌዎቹ የላካቸውን ሰው ስም በር ላይ ጮክ ብለው ተናገሩ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

ትናንት እናቲቱ እንውረድ ስትል ትንሿ ልጅ ብረቱን ለመልቀቅ ጨነቃት። አየችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ብረቱ ላይ አስቀመጠችውና በእንግሊዝኛ ያዢልኝ ብላኝ ወረደች።

አውቶቡሱ ተነሥቶ ወደ ግራ ታጠፈ። እኔም አዞርኩ።