አንብቤ ያነሳሁት እጅ

እድር የለኝም። ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ፣ ሬሳዬን የሚሸከም ሰው የለም። ማዘጋጃ ቤት ይቀብረኝ ይሆናል። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ላምበረት ላይ ስለ እኔ የሚወራውን አውቀዋለሁ። ግማሹ ውሸት ነው፤ እውነተኛው ግማሽ ግን ከውሸቱ ይብሳል። እሱን ራሴ ብጽፈው ይሻላል።

ጎሚስታ ነኝ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በታች ባለች የቆርቆሮ ቤት ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍ፣ ስነፋ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። ሰው በስተርጅና የሚማረው ዕውቀት ጠምቶት ይመስላችኋል። እኔ የተማርኩት በንዴት ነው።

ንዴቱን ያመጣው ኳስ ነው። ከጉርድ ሾላ ከፍ ብላ በነበረች አቧራማ ሜዳ ላይ የተጀመረ፣ ቀስ እያለ ትልቁ ሊግ የገባ የሰፈር ቡድን ነበረን። ስሙን አልጠራውም፤ አሁን በዚያ ስም የሚጫወት ቡድን የለም። የስፖርት ጋዜጣ የሚያነብልኝ አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። በኋላ የእድራችን ጸሐፊ የሆነው ይኸው ሰው ነው። ሰኞ ሰኞ ይመጣና የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«አዝናለሁ ወንድሜ፣ ሦስት ለዜሮ ተገርፋችኋል።»

«የምን ሦስት ለዜሮ? ሜዳ ነበርኩ እኮ! አንድ ለአንድ ነው የወጣነው።»

«እንግዲህ ጋዜጣው እንዲህ ነው የሚለው። ያንተን ዓይን እንመን ወይስ ጋዜጣውን?»

ረዳቶቹ ይስቃሉ፣ ሾፌሮቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን አንዱን ገጽ አጥፎ ሰጠኝና፣ «ስለ አንተ ተጽፏል። ለተጫዋቾቹ አውቶቡስ በነፃ ጎማ የሚለጥፍ ደጋፊ ብለው አመስግነውሃል» አለኝ። እውነት በነፃ እለጥፍ ነበር፤ ስለዚህ አመንኩት። ጋዜጣውን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቤቴ ገባሁና ለሚስቴ ሰጠኋት። እሷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች።

«ይሄ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ነው» አለች። ከዚያ እየተንፈራፈረች ሳቀች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ከጎኔ ከቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካ የሚመጡ ሴቶች ይቀመጡ ነበር፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ስር አይገባም ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ጋዜጣውን ከትኬት ቆራጩ እጅ ነጥቄ ሙሉውን ገጽ አነበብኩለት። «ወይ ጉድ! አሁን መቀለጃ አጣን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልቀለደብኝም። እኔ ግን አንባቢ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ሰው እንደ እህል ይርበኝ ጀመር። ይህ ረሃብ ነው ጉድ የሠራኝ።

ቡድኑ አክሲዮን ማኅበር ይሆናል ሲባል እድራችን ተሰበሰበ። የመናኸሪያው ሠራተኞች እድር ነው፤ ወዛደር፣ ረዳት፣ ጎሚስታ፣ ቁርስ ቤት ያላቸው ሴቶች። ሁላችንም አዋጥተን አንድ ላይ እንግዛ ተባለ። አክሲዮኑ በአንድ ሰው ስም ይመዝገብና ያ ሰው ስለ ሁላችን ድምፅ ይስጥ ብለው ወሰኑ። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ አሮጌ ሾፌር፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ይሄ ይሁን። አፉ ማንንም አይፈራም። አሁን ደግሞ ያነባል፤ ወረቀት አቅርቦ የሚያታልለው የለም።»

አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ከግማሽ በላዩን አክሲዮን የያዘው አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ነው። ለዕለት ተዕለት ነገር ማንንም አያማክርም። አሰልጣኝ ሲቀጥር በሬዲዮ እንሰማለን፤ ሲያባርርም በሬዲዮ እንሰማለን። እኛ ትንንሾቹ ባለቤት ተብለን ትኬት ገዝተን የምንገባ ነበርን። ግን መመስረቻ ጽሑፉ ውስጥ እሱ ብቻውን የማይነካቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ቡድኑ ከዚህ አካባቢ አይነሳም ይላል። ሁለተኛው፣ ከቦርዱ ሁለት ወንበር የትንንሾቹ ነው ይላል። እነዚህን ለመሰረዝ ከአራት እጅ ሦስት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል። ሰውዬው ሌሎቹን ትንንሾች አንድ በአንድ ገዝቶና ለምኖ ጨርሶ ነበር። የጎደለው የእኛ እድር ድርሻ ብቻ ነው። ያለ እኔ እጅ ቡድኑን ከሰፈር ማንቀሳቀስ አይችልም።

እድሩ ይህን ያውቅ ነበር። ዳኛው ጠርተው በግልጽ ነገሩኝ፦ «ስትቀመጥ እምቢ፣ ስትነሳ እምቢ። ቡድኑ ከዚህ ከሄደ ልጆቻችን በየት ያዩታል? እምቢ ብለህ ና።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ድምፅ የሚሰጥባቸው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው ቦሌ ቢሮው አስጠራኝ። ፎቁ ላይ ስወጣ የተለመደውን ጠብቄ ነበር፤ ፖስታ ያወጣል፣ እኔ ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ፣ ወርጄ ለሰፈሩ አወራለሁ። ፖስታ አላወጣም። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝና የመመስረቻ ጽሑፉን ማሻሻያ ረቂቅ ፊቴ አስቀመጠ።

«እርስዎ አንብበውት አስተያየትዎን ቢሰጡኝ። ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎች ሰልችተውኛል።»

አነበብኩት። ዝግ ብዬ ነው የማነበው፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ወፍራም ወረቀት ነበር። ሰውዬው ስልኩን አላነሳም፣ ሰዓቱን አላየም፣ አልተቁነጠነጠም። እንደ ትልቅ ሰው ጠበቀኝ። መሃል ላይ ስደርስ አንቀጽ ሰባት ሁለት ጊዜ መጻፉን አየሁ።

«ይሄ ቁጥር ተደግሟል» አልኩ።

ወረቀቱን ወሰደና አየው። ጠበቃውን ጠራ። በከረባት የታነቀ ወጣት ገባ።

«አንተ፣ ይሄን ያህል ዓመት ተምረህ ይሄን አላየህም? እሳቸው አሁን በአንድ ንባብ አዩት! አንቀጽ ሰባት ሁለት ቦታ ምን ይሠራል?»

ጠበቃው ቀላ። «ይቅርታ፣ አስተካክላለሁ» አለ፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ። የተማረ ሰው፣ ጎማ በምለጥፍበት እጄ ፊት። ሰውነቴን የሆነ ሙቀት ወረረው። ስህተቱ ሆን ተብሎ ለእኔ የተተከለ ይሁን እውነተኛ ይሁን ዛሬም አላውቅም። ቢተከልም ዋጥኩት።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች።

«ስንት ሰጠህ?»

«ምንም።»

«ምንም? እጅህን ልታነሳለት ነው ደግሞ፤ ፊትህ ላይ አየዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ሌባ እንኳ ዋጋ አለው። በነፃ?»

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ?»

«የቆርቆሮ ማስታወቂያና ምስጋና ለይቼ አውቃለሁ» አለችና ቢላውን አነሳች።

ጉባኤው ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ውሃ፣ ማይክሮፎን፣ ከወፍራም ወረቀት የታጠፈ የስም ካርድ። በእኔው ላይ «አቶ» ተብሎ ከነአባቴ ስሜ ታትሟል። ስሜን በኅትመት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው በየግላቸው የገዟት፣ ውጤቱን የማትለውጥ ጥቂት አክሲዮን ስለነበረቻቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ማሻሻያውን የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ።

አነሳሁ።

ከኋላ ጸሐፊው ጮኸ፦ «አንተ! አውርድ! ተሳስተሃል፣ የሚደግፍ ነው ያለው!»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ተሳስተው ነው? ማውረድ ይችላሉ።»

አዳራሹ ሁሉ አየኝ። ሰውዬውም አየኝ፤ ጠበቃውም። ያን ጊዜ ባወርደው ያለቀ ነበር። ሰው ይስቃል፣ ጎሚስታው ጥያቄው አልገባውም ይባላል፣ ቡድኑ ሰፈሩ ይቀራል። ያን ሳቅ ግን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።

«አልተሳሳትኩም» አልኩ። «አንብቤዋለሁ።»

ካርዱን ቤቴ ወስጄ ቴሌቪዥኑ ላይ አቆምኩት። ሚስቴ «የመቃብር ድንጋይ ነው?» አለች።

የሆነው ሁሉ የተፈራው ነው። የትንንሾቹ ወንበር ተሰረዘ። አዲስ አክሲዮን ወጣ፤ እኛ መግዛት አልቻልንም፤ የያዝነው ሟሙቶ ስም ብቻ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ቡድኑ ለሌላ ከተማ ሰዎች ተሸጠ። ማሊያው ተቀየረ፣ ስሙ ተቀየረ። ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረና ቁፋሮ ተጀመረ። ሰውዬው ዘንድ ሄድኩ። ዘበኛው የእንግዳ ቅጽ ሰጠኝ፤ በሚያምር ጽሕፈት ሞላሁት። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። ጠበቃው በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝና ሳቀ። «አንቀጽ ሰባት! እንዴት ነው፣ ሰላም ነው?» ብሎኝ ሊፍት ውስጥ ገባ። ሌላ ማንም አላናገረኝም።

የእድሩ ሰዎች አልደበደቡኝም፣ አልሰደቡኝም። መዋጮዬን ይቀበላሉ፤ ሰላምታ የለም። ሾፌሮቹ ጎማቸውን ወደ ላይኛው ጎሚስታ ማንከባለል ጀመሩ፤ ዳገት እየገፉ። በዚህ መሃል ሚስቴ ኩላሊቷን ታመመች። አልጋ ላይ ሆና እንኳ ምላሷ አልደከመም።

«እኔን እስኪቀብሩ ነው የሚታገሡህ» አለችኝ። «ለእኔ ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ወዮልህ።»

ስትሞት ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ ገና ሳይነጋ በሬ ላይ ቆመ። ወንበር መጣ፣ ምግብ መጣ። ወንዶቹ ተራ ገብተው ተሸከሟት፤ ቁርስ ቤት ያላቸው ሴቶች እውነተኛ እንባ አለቀሱላት። በደንቡ የተጻፈ ነገር አንድም አልጎደለም። ለእኔ ግን አንድ ሰው እንኳ «እግዜር ያጥናህ» አላለኝም። ሦስት ቀን ድንኳኔ ውስጥ እርስ በርስ አወሩ፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንደ መስታወት ያልፈኛል። በቀብሩ ላይ፣ ቀሪውን ለመቅጣት እንደተለመደው፣ ጸሐፊው ስም ጠራ። «አቤት»፣ «አቤት»፣ «አቤት»። በሚስቴ ቀብር ከእድርተኛው አፍ የሰማሁት ቃል እሱ ብቻ ነው። የእኔም ስም ሲጠራ «አቤት» አልኩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ስብሰባ ጠሩኝ። ዳኛው መሃል ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊው ከጎናቸው ወረቀት ይዟል።

«እሷን በክብር ቀብረናል» አሉ ዳኛው። «እሷ ምንም አላጠፋችም። አሁን ወደ አንተ። የአደራ ድምፃችንን ሸጠሃል። ከእድሩ ትወጣለህ የሚል ውሳኔ ተጽፏል። ነገር ግን ዕድሜህን አይተን አንድ በር ትተንልሃል።»

«ምን በር ጋሼ?»

«ማንበብ ባትችል ኖሮ ይቅር እንልህ ነበር። ስለዚህ፣ ወረቀቱ ከበደኝ፣ ያነሳሁት ሳይገባኝ ነው በል። ጸሐፊው ‹ባለማወቅ› ብሎ ይመዘግባል። እኛም አፋችንን እንዘጋለን። ስትሞትም እንቀብርሃለን።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከፈተ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የድሮው የጋዜጣ ፌዝ ፊቱ ላይ የለም። «በለው» አለኝ በለሆሳስ። «አንዲት ቃል ናት፣ ወንድሜ። ሳይገባኝ በል።»

ብዙ ሰው ነበር። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ ያሰብኩት ስለ ቡድኑ አይደለም፣ ስለ ሚስቴም አይደለም። ስለ አንቀጽ ሰባት ነበር ያሰብኩት። እጄን ዘረጋሁ።

«ወረቀቱን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ተነስቼ ቆምኩና ከላይ ከቀኑ ጀምሬ አነበብኩት። ስሜን ከነአባቴ አነበብኩ። በእምነት የተሰጠውን ድምፅ አውቆና አንብቦ አሳልፎ ስለሰጠ የሚለውን አነበብኩ። ከዛሬ ጀምሮ እድሩ በደስታውም በሐዘኑም አይደርስም፣ በሞቱም አይጠራም የሚለውን አነበብኩ። አልተንተባተብኩም፤ ከንፈሬም አለቦታው አልተንቀሳቀሰም። ወረቀቱን መለስኩለት።

ጸሐፊው ተቀብሎ አጠፈው። «ትክክል ነው» አለ። «አንዲት ቃል አልሳትክም።»

ከዚያ መዝገቡን ገልጦ የስብሰባውን ስም መጥራት ጀመረ። ልማድ ሆኖብኝ ቆሜ ጠበቅኩ። የእኔ ተራ ጋ ሲደርስ በመስመሩ ላይ እስክሪብቶውን አስኬደና ቀጣዩን ጠራ። ቀጣዩ የላይኛው ጎሚስታ ነበር።

«አቤት» አለ።