መሪጌታ ደሳለው ያልመለሱት በረዶ

መሪጌታ ደሳለው ሰው አያምኑም ነበር። ከወረታ በታች በርብ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ደብር አርባ ዓመት በረዶ ሲመልሱ ኖረዋል፤ ደመናው ሲጠቁር መቋሚያቸውን ይዘው ከማሳው ዳር ይቆሙና ድጋማቸውን እየደገሙ ወደ ጣና ይሸኙታል። አገሬው ያከብራቸዋል። እሳቸው ግን እንዴት አደሩ ያላቸውን ሁሉ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ሳይሉ አያልፉም።

በ1949 ዓ.ም. መስከረም ላይ ያየህ የሚባል አዲስ አስተማሪ ወረታ ተመድቦ መጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰሞኑን ሲመሽ ቀልቶ ስለሚታየው ኮከብ፣ ስለ ማርስ፣ ለሰዉ ያወራ ጀመር።

«የውጭ አገር ሊቃውንት በትልልቅ መነጽር ሲያዩት ነጭ ደመና አገኙበት። በረዶ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ግን ወደ መሬቱ ጠብ አይልም።»

«ማነው የሚመልሰው?» አሉ መሪጌታ።

«ማንም የለበትም፣ የኔታ። እንዲያው ተንሳፎ ይቀራል።»

ሰው ሳቀ። ይኼ ቀጫጫ ሊያዋርደኝ ነው የመጣው፣ አሉ በሆዳቸው። ማን ልኮት ይሆን? በረዶ በመመለስ የሚፎካከረኝ የይፋጉ ደብተራ? ሦስት ቀን ሲብሰለሰሉ ሰነበቱ፤ በአራተኛው ጥርጣሬው ዞሮ በራሳቸው ላይ ወደቀ። መላሽ በሌለበት ካልወረደ፣ እዚህስ የመለስሁት እኔ ነኝ? ወይስ በራሱ ሊያልፍ የነበረውን ስሸኝ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት? ሆድ ባሳቸው።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ጤፉ ሲያሽት፣ ከሰዓት በኋላ በጉና ተራራ በኩል ደመናው ጠቆረ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አላነሡም። በራቸውን ዘግተው ቁጭ አሉ፤ ያለ እሳቸው ምን እንደሚሆን ሊያዩት ነው።

በረዶው ወረደ። ሜዳውን ሲደበድበው መሪጌታ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ እልል ማለት ነበር የቀራቸው። «ለካ እኔ ነበርሁ!» አሉ።

ሲያባራ ወጡ። የጎረቤታቸው የካሰች ጤፍ መሬት ለመሬት ተነጥፏል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትከርምበት ሌላ ማሳ የላትም። ካሰች በተነጠፈው ጤፍ መካከል እየሮጠች ወደ እሳቸው ስትመጣ አዩዋት። ልትረግመኝ ነው ብለው መልስ አዘጋጁ።

«የኔታ፣ ደኅና ነዎት?» አለች እያለከለከች። «ሳይወጡ ቢቀሩ፣ ታመው ወድቀው ነው ብዬ ነፍሴን አላውቅ!»

መሪጌታ ዓይኗን ማየት አቃታቸው።

«አዎ፣ አሞኝ ነበር» አሉ።

እሷም አመነቻቸው።