እናቴ ያልለየችው ገበታ

በየሁለት ሳምንቱ ስኳሬን ልለካ ስሄድ ነርሷ ጣቴን አልኮል በነካ ጥጥ ትጠርግልኛለች። መርፌው አያመኝም፤ የሚያመኝ ሽታው ነው። ያ ቀዝቃዛ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እርጅናዬ ሁሉ ጥሎኝ ይሄድና በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ቤታችን ደፍ ላይ እቆማለሁ። ነርሷ "ማዘር፣ አመመዎት እንዴ?" ትለኛለች። "ኧረ የለም" እላታለሁ። ምን ብዬ ልንገራት?

ያ ሽታ የታላቅ እህቴ ሽታ ነበር። እህቴ ከነቀምት ወጣ ብላ ባለችው በጉቴ ከተማ አስተማሪ ነበረች፤ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከበሩ ወጥቶ የሚያያት። አንድ ክረምት ግን በረቡዕ ቀን በበቅሎ አምጥተው አወረዷት። አንገቷ ቀጥኖ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስታስል መሐረቧን አፏ ላይ ትይዝና ቶሎ አጣጥፋ ትደብቀዋለች። የክሊኒኩ ድሬሰር መረመራትና የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። መርፌው ከአንድ ዓመት በላይ ይወሰዳል፣ ካላቋረጠች ትድናለች አለን።

ድሬሰሩ ጸሎት ቤታችንም የሚያገለግል ሰው ስለነበረ እናቴ ቃሉን ታከብር ነበር። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ሲል አፈላች። ብርድ ልብሱን ፀሐይ አስመቱ ሲል በዚያ በነቀምት ክረምት ፀሐይ ብቅ እስክትል ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። መስኮት ክፈቱ ሲል እንኳ፣ ንፋስ ሰው ይገድላል ብላ የምታምን ሴት፣ ሻሿን እስከ ጆሮዋ ጠምጥማ ከፈተችው። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ በቅቤ የራሰውን የአንጮቴ ሥር አላጓደለችም። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ።

"ገበታዋን ለዩ፤ ለብቻዋ ትብላ" ሲላት ነው። በኛ አገር ዕቃ የሚለይበት ሰው፣ ከሰው ያልተቆጠረ ሰው ነበር። እናቴ ተቆጣች።

"ልጄ ምን አድርጋ ነው ዕቃ የሚለይባት?"

"አዮ፣ ለትንሿ ብዬ ነው" አለ ድሬሰሩ፣ እኔን እያሳያት። እሱም እንደኛው እናቴን አዮ፣ እማዬ፣ ነበር የሚላት።

እናቴ አየችኝ። "እንግዲያው ትንሿን እለያለሁ" አለች።

እንዲህ ሆኖ ዕቃ የተለየብኝ እኔ ጤነኛዋ ነበርኩ። ጎረቤት ግራ እስኪገባው ድረስ እኔ ከደፉ ወዲህ ብቻዬን እበላለሁ፣ እናቴና እህቴ ከውስጥ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። እህቴ ጠገብኩ እያለች ፊቷን ታዞራለች። እናቴ ግን ጠቅልላ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። "ኛዱ፣ ኢንተላ ኮ፤ ብዪ ልጄ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

"አዮ፣ ይቅርብሽ፣ ይይዝሻል።"

"ከሆዴ የወጣሽ አይደለሽ? ምን ይይዘኛል!"

እኔ ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ፣ አብግኖኝ ነበር። አንድ ቀን እኔንም ጠርታ ታጉርሰኝ ብዬ አውቄ ሳልኩ። የእናቴን ፊት ያን ቀን ባላየሁት እላለሁ። እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ ድሬሰሩ ደረቴን አዳምጦ ምንም የለባትም ሲላት በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አውቄ አልሳልኩም።

እህቴ እያገገመች መጣች። ጉንጯ ሞላ፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። በዓመቱ ድሬሰሩ ፈቀደላትና ወደ ጉቴ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች፤ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ለመርፌዋ ትመጣለች። ያኔ ነው እናቴ ስታስል የሰማኋት። ጓሮ ከእንሰቱ ኋላ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ።

"ብርድ ነው" አለችኝ። "ያ መስኮት ነው። አላልኩም?" ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቆይታ ግን እጄን ያዘች። "ለእህትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ከሰማች በኔ ነው ብላ መርፌውን ትተዋለች። ትጨርስ፤ ከዚያ እኔም እሄዳለሁ።"

እሺ አልኳት። ረቡዕና ቅዳሜ ሲደርስ ማር በሙቅ ውሃ በጥብጬ እሰጣታለሁ፤ እህቴ ቆይታ እስክትሄድ እናቴ ሳሏን ታባብልበታለች። ቀሚሷ ሲሰፋት ከውስጥ ልብስ ደርባ መቀነቷን ታጠብቃለች። እኔ ሁሉን አያለሁ። ታዛዥ ልጅ ነበርኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚመሰክርልኝ።

ዛሬ ሐኪሞቹ ይህ በሽታ በትንፋሽ እንጂ በገበታ አይመጣም ይላሉ። እናቴ ከእህቴ ጎን ነበር የምትተኛው። ያ ሁሉ የገበታ ክርክር ለከንቱ ነበር ማለት ነው። የኔ ዝምታ ግን ለከንቱ አልነበረም፤ ሰባት ወር በልቷል።

እህቴ የመጨረሻውን መርፌ ተወግታ እየሮጠች ስትመጣ እናቴ ከመደብ መነሣት አቅቷት ነበር። ድሬሰሩ መጥቶ አዳመጣት፣ መነጽሩን አወለቀ፣ "ምነው አዮ፣ ምነው?" ብቻ አለ። እህቴ ወደኔ ዞረች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ። የማሩን ኩባያ አንሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሷም እስክትሞት ድረስ ደግማ አልጠየቀችኝም።

መርፌው ለእናቴም ተጀመረ፤ ግን ሰውነቷ አልቆ ነበር። ገበታ አይለይም ያለችው ሴት፣ ተራው የሷ ሲሆን የራሷን ሳህን ለየች። እህቴ ጠቅልላ ስትዘረጋላት ጥርሷን ነክሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔንማ ከደፉ እንዳላልፍ ከልክላኛለች። እዚያው ቆሜ ፀጉሯ እንዴት እንደሳሳ አያለሁ፤ እሷም በየቀኑ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ "በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

በመጨረሻው ቀን ድምጿ ሊሰማ አልቻለም፤ በከንፈሯ ነው የጠየቀችኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። አልበላሁም ብላት ጠርታ ታጎርሰኝ ይሆን ነበር፣ ያን ሁሉ ዓመት የናፈቅኩትን። በልቻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ጨፈነች።