የክረምት ተማሪዎች

ባለፈው ሳምንት ዲላ ላይ ዝናብ ያዘኝና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የለበሰችው ወፍራም የሱፍ ሹራብ በዝናብ ርሷል። እርጥብ ሱፍ ከቤት ጭስ ጋር ሲደባለቅ የሚያመጣው ሽታ አለ፤ ደጋ የኖረ ሰው ያውቀዋል። እስክወርድ ድረስ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ሄድኩ። አንተ ደግሞ ወዳጄ፣ ያን ዕለት ማታ፣ "እናንተ አስተማሪዎች ታድላችሁ፤ ክረምቱን ተኝታችሁ ትከርማላችሁ" አልከኝ። አሁን ልንገርህ።

ወጣት ሳለሁ ወርቃ የምትባል የገጠር ከተማ አስተምር ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ካረፈች ወዲህ አገር ቤት ብዬ የምሄድበት የለኝም። የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ባለሱቅ ቤት ጀርባ ነው። ቤተሰቡ እራት ላይ ሲሳሳቅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አይሰማኝም።

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሰው ሁሉ "እረፍት ገባችሁ" ይለናል። እኛ ግን ፍራሻችንን ጠቅልለን፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ወደ ዲላ እንወርዳለን፤ ዲፕሎማችንን ዲግሪ ልናደርግ። መደበኛ ተማሪዎቹ ለቀው በወጡበት ተደራራቢ አልጋ ላይ እንተኛለን። ዓመቱን ሙሉ "ዝም በሉ!" ሲል የኖረ ሰው እጁን አውጥቶ "መምህር፣ ልውጣ?" ይላል። መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ጡረታ የደረሱ ሰዎች ለፈተና ሲያጠኑ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ስም ለመያዝ ጊዜ ስለሌለ የምንጠራራው በመጣንበት ቦታ ነው። እኔ ወርቃ ነበርኩ። ከደጋ የመጣች አንዲት መምህርት ደግሞ ቡሌ።

የተዋወቅነው ስታትስቲክስ ክፍል ነው። መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ የዲላ ሙቀት ሳይገዳት እንደ ባጃጇ ሴት ያለ ወፍራም የደጋ ሹራብ ለብሳ ነበር። ጌዴኦኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋ ውስጥ ወንዱና ሴቱ አንዳንዴ ቦታ ይለዋወጣሉ። ወንዱ አስተማሪያችን ከበር ብቅ ሲል "ዝም በሉ፣ መምህሩ መጣች" አለች። ብቻዬን ሳቅኩ። ዞር ብላ አይታኝ "አንተ ደግሞ፣ ስታትስቲክሱ ገብቶህ ነው የምትስቀው?" አለችኝ። ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስንወጣ አስረዳት ጀመር።

ሦስት ክረምት አብረን ተማርን። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ከተማ እንወርድና ሻይ ቤት እንቀመጣለን። ውጭ የበቆሎ እሸት ሲጠበስ ይሸታል፤ መንገዱ ላይ የቆመው ውሃ የማታዋን ፀሐይ ይዞ ያብለጨልጫል። ስለ እናቷ ታወራኛለች፤ እናቷ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔም አወራለሁ። ዓመቱን ሙሉ ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ እዚያ ሻይ ቤት አራግፈዋለሁ። ጳጉሜ ላይ ተለያይተን እሷ ወደ ቡሌ፣ እኔ ወደ ወርቃ። እሷ ያለችበት ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው፤ የኔም ስልክ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን ይበዛል። እስከ ቀጣዩ ክረምት ደህና መሆኗን እንኳ ሳላውቅ እከርማለሁ።

በአራተኛው፣ በመጨረሻው ክረምት፣ የሆዴን ልነግራት ቆርጬ ወረድኩ። እሷ አልመጣችም።

ምዝገባ አለፈ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶውን ከረመ። ስደውል "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አይገኙም" ትለኛለች ያቺ የማትደክም ሴትዮ። አንድ ቅዳሜ ያመለጧትን የትምህርት ሞጁሎች በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቡሌ ወጣሁ። ጭጋጉ ከመኪናው መስኮት ውጭ ያለውን ሁሉ ውጦት ነበር። ከተማው ስደርስ ሞተር ተኮናተርኩ፤ ጭቃው ሲያሸንፈን በእግሬ ቀጠልኩ። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሣሩ አድጓል። ቤቷን ጠይቄ፣ እንሰቱን አልፌ፣ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ወርቃ? ምን ሆነህ መጣህ?" አለችኝ። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ የሳሙና አረፋ ነው።

እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አፋቸውም ተይዟል። እሷ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። "ይኸው፣ እረፍት ላይ ነኝ" ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ተወችው። ያን ቀን ለማገላበጡ አገዝኳት። እናቷ በደህናው እጃቸው የእጄን አንጓ ያዙኝና ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም። እኔም እንዲለቁኝ አልፈለግኩም።

ስትሸኘኝ መንገድ ላይ "ዝውውር ልጠይቅ? እዚህ ልምጣ?" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል።

"እኔ እናቴን አያለሁ። አንተን ማን ያያል?"

እስካሁንስ ማን አየኝ ልላት ነበር።

"ቆይ" አለች ቀስ ብላ። "አሁን አይደለም። ቆይ።"

ያን ክረምት ተመረቅኩ። ወርቃ ተመልሼ ዓመቱን በዚያች "ቆይ" ኖርኩ። ክፍል ውስጥም፣ መንገድ ላይም፣ ያ ሳቅ በግድግዳው በኩል ሲመጣም፣ ለራሴ እደግማት ነበር።

በቀጣዩ ሐምሌ፣ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ እረፍት አገኘሁ። ስኳርና ሳሙና ገዝቼ በቀጥታ ወደ ቡሌ ወጣሁ። በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቷ ከእንሰቱ መሃል ብቅ ብላ "አልሰማህም?" አለችኝ። "እናትየው በፋሲካ ሰሞን አረፉ። እሷ ትናንት ለትምህርት ዲላ ወረደች።" የያዝኩትን ለጎረቤቷ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ዲላ ወርጄ የመማሪያ ክፍሏ በር ላይ ጠበቅኳት። ጥቁር ለብሳለች፤ ከስታለች። ሻይ ቤታችን ገብተን ተቀመጥን። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ ጠጋ ብላ ነበር የምታወራው።

"ደወልኩልህ። እየደጋገምኩ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ አልተገኘህም።"

ቀጥላም፣ "ከትምህርት ቤታችን አንድ መምህር አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያግዘኝ ነበር። እናቴን የተሸከማት እሱ ነው። ሽማግሌ ላከ፤ እሺ አልኩ።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት።

ብርጭቆዋን ስታዞር ቆየችና "ስታትስቲክሱ እንደገና ጠፍቶብኛል" አለች።

እናም አስተማርኳት። ዲላ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ክረምቱን እዚያው ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ ጥግ እንቀመጣለን፤ አንዱን ጥያቄ ደጋግመን እንሠራለን፤ ሲገባት "አሃ!" ብላ ጠረጴዛውን ትመታለች። ስለ ሌላ ነገር አናወራም። የመጨረሻው ፈተና ቀን ከአዳራሹ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ሆኜ ጠበቅኳት። እየሮጠች ወጣች። "ሠራሁት! የመጨረሻውን ጥያቄ እንኳ ሠራሁት!" ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችኝ።

መናኸሪያ እጮኛዋ ይጠብቃት ነበር። ፍራሿን ከእጄ ተቀብሎ "ስለ አንተ ትነግረኛለች፤ እግዜር ይስጥህ" አለኝ። መልካም ሰው ነበር። መልካምነቱ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። መኪናቸው የቡሌን መንገድ እስኪይዝ ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ ወርቃ ስደርስ ትምህርት ሊጀመር ገና ነበር። ግቢው ውስጥ ከሽማግሌው ጥበቃ በቀር ሰው የለም።

"መምህር፣ ቶሎ መጣህ" አለኝ በሩን እየከፈተ። "እረፍት እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ነበር" አልኩት። መጥረጊያ ተቀብዬው ወደ ማስተምርበት ክፍል ገባሁ፤ አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ መጥረግ ጀመርኩ።