የሰባት ተኩሉ የኋላ ወንበር

ወንድሜ ሹንጂ ሕግ ያከብራል። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ የኖረው ይኸው ጠባዩ ነው።

በሃያ አራት ዓመቱ ትልቁን ሞተር ገዛ፤ ባለ አራት ሲሊንደሩን፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ሲሲውን። ሰዉ ሁሉ «ሰባት ተኩል» ነበር የሚለው። መንጃ ፈቃድ ግን አልነበረውም። ብልህ ሰው መጀመሪያ በመካከለኛ ሞተር ይፈተናል፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ያልፋል። የእኛ ግትር በቀጥታ ትልቁን ካልተፈተንኩ አለ። ያኔ ፈተናው ሰው የሚያልፈው አይመስልም ነበር። ከባዱን ሞተር መሬት ላይ አጋድመው ለብቻህ አንሣው ይሉሃል። ካነሣኸው በጠባብ ሳንቃ ላይ ትነዳለህ፤ እግርህ መሬት ከነካ አለቀ። ፈታኙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ሌላ ጊዜ ይሞክሩ» ይላል። ሹንጂ አሥር ጊዜ ወደቀ።

በወደቀ ቁጥር ጎተራ ገብቶ ያልነዳውን ሞተር ይወለውላል። ቺዙሩ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ፖስታ ቤት ትሠራ ነበር። መዋደዳቸውን ከሁለቱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

«ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ሳንቃው ላይ።»

«ስታልፍ መጀመሪያ ከኋላህ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እስከ ባሕሩ ድረስ ትወስደኛለህ።»

«እሺ።»

በአሥራ አንደኛው አለፈ። በማግስቱ ቺዙሩ ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ መጣች። እኔ ግቢው ውስጥ መንደሪን እየለቀምኩ ነበር። ሹንጂ እስከ ጆሮው ቀላ።

«አይቻልም» አላት።

«ምኑ?»

«ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ ከኋላ ሰው መጫን ክልክል ነው። ሕጉ ነው።»

«ባሕሩ እኮ እዚህ ታች ነው። ማን ያየናል?»

«አንድ ዓመት ብቻ። ጠብቂኝ።»

«ወንድምዓለም፣ ጤነኛ ነህ?» አልኩት። ቺዙሩ ጫማዋን እያየች ሄደች።

ጠበቀችው። ግን የጠበቀችው ሕጉን አልነበረም፤ ከአፉ አንዲት ቃል ነበር። እሱ ደግሞ ጠብቂኝ ካልኩ ሁሉን ተናግሬያለሁ ብሎ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቀን ይሰርዛል። በስምንተኛው ወር አክስቷ ከናጎያ የባንክ ጸሐፊ አመጡላትና ታጨች። የምትሄድበትን ቀን የሰማው በዕለቱ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ባቡር ጣቢያው በረረ። ባቡሩ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሹንጂ አላገባም። በየእሑዱ ብቻውን ወደ ባሕሩ ይነዳል፤ ከኋላው ግን ማንንም አስቀምጦ አያውቅም። እኔንም ጭምር። ሲመለስ ወንበሩን ከፊት እስከ ኋላ ይወለውላል፣ እኔም በመስኮት እያየሁ አዝንለታለሁ፣ እረግመዋለሁም።

ባለፈው መጋቢት ፖሊሶቹ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ፈቃዱን በፈቃደኝነት ቢመልስ መልካም ነው አሉ። ከመንደሩ ቀድሞ የሄደው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በመከር ቺዙሩ ለእናቷ ሙት ዓመት መጣች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። በምርኩዝ ወደ ግቢያችን ገብታ ሹንጂ ፊት ቆመች።

«ዓመቱ ሞላ?» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ፈቃዴን በመጋቢት መለስኩት።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። በያዝኩት መጥረጊያ ጀርባውን ባቀምሰው ደስ ባለኝ። እሱ ጎተራ ገባና ሞተሩን እየገፋ አወጣው። ጉድ ነው፣ በስተርጅና ሕግ ሊጥስ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ግቢው መሃል አቆመውና ወጥቶ ተቀመጠ።

«በቆመ ሞተር ላይ መቀመጥ አይከለከልም» አለ።

ትከሻዬን ተደግፋ ከኋላው ወጣች። ወገቡን ያዘች። ሞተሩን አላስነሣውም። ከመንደሪኑ እርከን በታች ባሕሩ ይታያል፤ ሁለቱም ወደዚያ ያያሉ።

ከዚያ ሹንጂ ፊቱን ሳያዞር፣ «ያን ቀን ልወስድሽ ይገባኝ ነበር» አለ።

«አዎ» አለችው። «ይገባህ ነበር።»