ለአስማረ ያጨድነው ሰሊጥ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለን የኳስ ደጋፊዎች ተጫዋቻችን እንዳይወሰድብን ብለን ያደረግነው ነገር ነው፤ በቃ። ትልቅ ሰው ቢያነበው «ለዚህ ነው ወረቀት የምታበላሸው?» ሊለኝ ይችላል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ ተማሪ ነኝ፤ ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ አልደረሰ ይሆናል። ግን ባለፈው ሳምንት ለምሳ ተሰልፈን ሳለ የተነሣ ወሬ ነገሩን ቀሰቀሰብኝና፣ ቢያንስ በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ከፊቴ የቆሙት የዶርሜ ልጆች ስለሚደግፉት የአውሮፓ ክለብ ይከራከሩ ነበር። ተቀናቃኙ ክለብ አጥቂያቸውን ሊወስድ ነው የሚል ዜና ወጥቷል። አንዱ አይሄድም፣ ደጋፊውን ይወዳል ይላል። ሌላው ፍቅር ምን ያደርግለታል፣ ይሄዳል ይላል። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ እነሱ ቆመው ቀሩ፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸባቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩና «አንተስ ምን ትላለህ፣ የመተማው?» አሉኝ። እኔ እንጃ ብዬ ሳህኔን ዘረጋሁ። ሽሮዬን ይዤ ጥግ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ያን ክርክር ቃል በቃል ከዚህ በፊት እንደሰማሁት ታወቀኝ። የሰማሁት ኮኪት፣ በሐጅ ኢድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ።

ኮኪት ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይነጥቃል፤ ኳስ ሜዳችንም ጭቃ ብቻ ይሆናል። መስከረም ሲጋመስ ፀሐይ ትመለስና ያው አፈር ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ የሰው እግር ስለሚውጥ ከጨዋታ በፊት በአካፋ አፈር እየዛቅን እንደፍነው ነበር። በዚያው ሰሞን ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ አይታገሥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ሠራተኛ በአይሱዙ እየተጫነ ይጎርፋል። ከተማዋ በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥፍ ትሆናለች፤ ዳቦ ከጠዋት ያልቃል፣ በየበረንዳው ማጭድ የሚስል ሰው ይታያል።

አስማረ ከነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነበር። ጎጃሜ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ። መጀመሪያ ያገኘው የሐጅ ኢድሪስ ልጅ ሰይድ ነው። ሰይድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንድ ቀን ወደ እርሻ ካምፕ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ሠራተኞቹ በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ አየ። ሁሉም እንደኛው የኮንጎ ጫማ ነው ያደረጉት፤ አስማረ ግን በዚያ የላስቲክ ጫማ ኳሷን ከእግሩ ጋር ያሰራት ይመስል ነበር ብሎ ነገረን። እኛም አላመንነውም። በሚቀጥለው እሁድ ሜዳችን ይዞት መጣ፤ አመንን። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ሲመጣ ለኮኪት መጫወት ጀመረ። ግራ እግሩ ነበር ነገሩ። ኳስ ሲደርሰው አይቸኩልም፤ የሚቸኩሉት ሌሎቹ ናቸው።

በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ከገንዳ ውሃ ጋር እንጫወታለን። ዋንጫ የለውም፤ ግን የተሸነፈች ከተማ ዓመቱን ሙሉ በአውቶቡስም በገበያም ስትሰደብ ነው የምትከርመው። አስማረ ከመጣ ወዲህ ተሰዳቢዎቹ እነሱ ሆኑ። ያን ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ወሬ ደረሰን፦ የገንዳ ውሃን ቡድን የሚረዳ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አስማረን ሊወስደው ነው፤ በመጋዘኑ የዓመት ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቷል።

የሐጅ ኢድሪስ በረንዳ የቡድናችን ጽሕፈት ቤት በሉት። ማልያ የሚገዙልን እሳቸው ነበሩ። ከሱዳን ያመጡት ትልቅ ቴርሞስ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ ሻይ ይዞ ሁልጊዜ ደጁ ላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት ፉል ይሸጣል፣ ከሰዓት ወሬ። ወሬው በመጣ ዕለት በረንዳው ሞላ። ጌታሁን የሚባል የትራክተር ሹፌር ነበረን፤ አምበላችን ነው፣ ድምፁም ከትራክተሩ አያንስም። እሱ ይሄዳል አለ። ሰው ለሥራ ብሎ አገሩን ጥሎ መጥቶ የዓመት ሥራ ሲያገኝ ለማልያ ብሎ ይቀራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰይድ ደግሞ አይሄድም ብሎ ማለ። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ልጁን አውቀዋለሁ፣ የሚወደውን ሕዝብ አይከዳም አለ።

«ሕዝብ ነው እንዴ የሚያበላው?» አለ ጌታሁን።

«አንተ ኳስ ማቀበል ስለማትወድ ሰው ሁሉ እንዳንተ ይመስልሃል» አለው ሰይድ። በረንዳው በሳቅ ተናወጠ።

ክርክሩ እንደዚህ ሳምንት ፈጀ። አንዳንዱ ከቴሌቪዥን የሰማውን እያመጣ ስለ ዝውውር ጊዜና ስለ ውል ያስረዳል፤ አስማረ የፈረመልን ወረቀት ይኖር ይመስል። ለትምህርት ቤት የክርክር ቡድን እናገር ስለነበር እኔም እጄን አውጥቼ ሐሳብ ሰጥቻለሁ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ጌታሁን ግን «ጥሩ ብለሃል፣ ተቀመጥ» ብሎኛል። አንድ ጊዜ ሐጅን እርስዎስ ምን ይላሉ አልናቸው። ስኳር እየመዘኑ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «ልጁን ጠይቃችሁታል?» አሉ።

ማንም አልጠየቀውም ነበር።

በገበያው ቀን አስማረ ራሱ ሳሙና ሊገዛ መጣ። በረንዳው ላይ የነበረው ጫጫታ እንደ ጀነሬተር ቀጥ አለ። ወንበር ለቀቅንለት። ፉል በዘይትና በሽንኩርት ተደርጎ ቀረበለት፤ ከርከዴ ተቀዳለት፤ የእጁን ቁስል አይቶ ቅባት ያመጣለትም ነበር። ስለ ነጋዴው ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ብንጠይቀው የሚመልሰውን ስለፈራን ይመስለኛል። ደግሞም እሄዳለሁ ቢለን በምትኩ የምንሰጠው ነገር አልነበረንም። በልቶ ጨረሰ፣ አመሰገነ፣ ሳሙናውን ይዞ ሄደ። ገና ከዓይን ሳይጠፋ ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ።

በዚያ ቀን ያየነው እጁ ነው ሐሳቡን ያመጣው። ሠራተኞቹ በቡድን ይቀጠራሉ፤ የቡድኑ አለቃ ካቦ ይባላል። ካቦው መሬቱን ለየሠራተኛው ይከፍላል፤ ሁሉም የራሱን ድርሻ ያጭዳል። ድርሻውን ሳይጨርስ ካምፑን ጥሎ የሄደ ሰው ስሙ ከእርሻ እርሻ ይዞራልና፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ካቦ አይወስደውም። የአስማረ ድርሻ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ጌታሁን ይህ ሰው በዚህ እጅና በዚህ ወገብ እስከ ኅዳር ምን ይተርፈዋል አለ። ሰይድ ታዲያ ደቦ እንውጣለት አለ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ካጨደለት ያርፋል፣ ይለማመዳል፤ ደግሞም እንዲህ የወደደውን ሰው እንዴት ጥሎ ይሄዳል? ለመጀመሪያ ጊዜ ጌታሁንና ሰይድ በአንድ ነገር ተስማሙ።

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ በጌታሁን ተሳቢ ላይ ተጭነን ወጣን። ባለሱቅ፣ ተማሪ፣ ጸጉር አስተካካይ፣ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ማጭድ ይዟል። ካቦው አያ ሞላ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ለጠብ የመጣን መስሏቸው ዱላቸውን አነሡ። ከነገርናቸው በኋላ በሳቅ ፈረሱ። አስማረ ግን አልሳቀም። አንዴ እኛን አንዴ ሰሊጡን ያያል።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሙቀቱ ከመሬት ነበር የሚነሣው። የሰሊጥ ቅጠል ሽታ እጅ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። የታጨደው ነዶ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ካልቆመ ፍሬው ይፈስሳል፤ ጸጉር አስተካካያችን ነዶውን እንደ ማገዶ እያጋደመ አያ ሞላን አሳበዳቸው። ቀትር ላይ የማሽላ እንጀራ በበርበሬ በላን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአስማረ ድርሻ አልቆ ነዶው በተርታ ቆሞ ነበር። አስማረ ሁላችንንም ተራ በተራ ጨበጠን። «ምን ብየ ልመልስላችሁ?» አለ። ጌታሁን በሚካኤል ትመልሳለህ ብሎ ትከሻውን መታው። ስንመለስ ተሳቢው ላይ ስንጨፍር ነው የገባነው።

በማግስቱ ጠዋት አስማረ ከተማ መጥቶ ሰይድን አስፋልቱ ድረስ አድርሰኝ አለው። ትንሽ ፌስታል ብቻ ነበር የያዘው። ሰይድ ወደ ገበያ መስሎት በደስታ ጫነው። በመንገድ ላይ ነው የነገረው፤ ሰይድም በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነገረን። ነጋዴው እስከዚያ ሳምንት መጨረሻ ካልመጣህ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሎት ነበር። አስማረ ድርሻዬን ሳልጨርስ አልለቅም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ተቀምጦ ነበር። እኛ ጨረስንለት።

«የዓመት ሥራ ነው፣ ሰይዶ» አለው። «ኸዚህ ወዲህ እንደ ወፍ በየወቅቱ አልመላለስም። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ሰይድ ባጃጁን አስፋልቱ ዳር አቆመ። የገንዳ ውሃ ሚኒባስ ሲመጣ ፌስታሉን አቀበለው። ሒሳብ እንኳ አልተቀበለውም።

ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ አዲስ ክርክር ተጀመረ፦ አስማረ ከዳን ወይስ አልከዳንም? ባናጭድለት ኖሮ ይቀር ነበር። ግን ቀርቶስ? ሰሊጡ ሲያልቅ ያው ወደ አገሩ ነው፤ አገሩ ደግሞ መሬት የለውም። ይህን የሚያነሣ ሰው ሲኖር ሁሉም ይናደድበታል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚያነሣው ጠፋ። ቁጣ ይቀል ነበር። ለሚካኤል የሚዘፈን ስድብ አዘጋጀን፤ «አጨድንልህ፣ ከመርንልህ፣ ጭነው ወሰዱህ» የሚል። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፤ ጌታሁን ጥሩ ነው ብሏል።

የሚካኤል ዕለት በሁለት አይሱዙ ገንዳ ውሃ ገባን። ቡድኖቹ ሲወጡ ሁላችንም የምንፈልገው አንድ ሰው ነበር። የለም። የእኛ ደጋፊ አስማረን የት ደበቃችሁት ብሎ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ የእነሱም ደጋፊ አስማረን አስገቡት እያለ ይጮህ ጀመር። ሁለት ከተማ አንድ ስም እየጠራ፣ ባለስሙ ሳይመጣ ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ዘፈናችንን የምንዘፍንለት ሰው አጣን።

ስንመለስ ከከተማው መውጫ አጠገብ ካለ መጋዘን በር ላይ ሰሊጥ የሚጭን ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ ነበርና ቆምን። በሩ ላይ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ዱላ ይዞ ቆሟል። በዚያ ሙቀት ካፖርት። አስማረ ነበር። አይሱዙው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አወቀው፤ የኔ ስድብም በሁሉም አፍ ላይ ነበረች፤ ግን አንድም ሰው አልጀመራት።

እሱ ነው ጠጋ ያለው። «ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«ባዶ ለባዶ» አለ ሰይድ።

«ቅጣት ምት አላገኛችሁም?»

«አግኝተናል። ጌታሁን መትቶ ወደ ሰማይ ሰደዳት።»

አስማረ ጌታሁንን ፈልጎ አየው። «ስትመታ ወደ ኋላ ትጋደማለህ። ስንቴ ነገርሁህ።»

ጌታሁን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እሱ ነው የጠየቀው፤ በዚያ ትልቅ ድምፁ ሳይሆን በሌላ። «ለምን አልገባህም?»

አስማረ በዱላው ተሳቢውን አሳየው። «ጭነት አለ። ጭነት ሲያልቅ ትጫወታለህ ተብያለሁ።» ጆንያው ከመጋዘኑ ውስጥ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ይታይ ነበር። «ጩኸቱ ግን ይሰማል እዚህ» አለ።

ተሳቢው ተንቀሳቀሰና መንገዱ ተከፈተ። ማናችንም ና ውጣ ልንለው አልቻልንም፤ ወዴት ብለን? ሰይድ እጁን ዘረጋለት፣ አልደረሰም፤ አይሱዙው ሄደ። በሚቀጥለው መስከረም አስማረን ያየ ሰው አልነበረም፤ መጋዘኑም ሌላ ዘበኛ ይዞ ነበር። ወደ አብደራፊ የሰሊጥ እርሻዎች ሄደ የሚል አለ፣ አገሩ ገባ የሚልም አለ። የአስማረ ማልያ በሐጅ ሱቅ ውስጥ እስካሁን ተሰቅሏል፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሚነካው የለም።

የዶርሜ ልጆች አሁንም ይከራከራሉ። ትናንት ይሄዳል ያለው ዛሬ አይሄድም ይላል። እኔ ከዳር ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ያ አጥቂ ስማቸውን እንኳ አያውቅም፣ ሀብታም ነው፣ የሚታዘንለትም አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ሰው ይሄዳል ወይስ ይቀራል ተብሎ በጮኹ ቁጥር የሚታየኝ ካፖርት ለብሶ የሰው ጩኸት የሚያዳምጥ ልጅ ነው። ወይ ለሱ ወይ ለኛ ምን ማድረግ ይገባን እንደነበር ስንት ጊዜ አስቤ አላገኘሁትም። በኮኪት ክርክሩ ከዚያ በኋላም ሰንብቷል፤ ለእኔ ግን ያለቀው አይሱዙው ከዚያ በር ሲነሣ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው።